በር ላይ የተቀመጠው ዲናሞ

ሰውዬውን ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ማርሽ ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቅ ካለ መታወቂያ የሚጽፈው ሰውዬ ብቻ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የጭነት መኪና ነድቶ፣ ጡረታ ከወጣም በኋላ ቀኝ እጁ አላረፈችም። በእግሩ ዳገት ሲወጣ ማርሽ ይቀንሳል፣ ቁልቁለት ሲሆን ደግሞ በአፉ "ትሽሽ" እያለ ፍሬን ይለቃል። ሚስቱ በሕይወት ሳለች "ተኝቶ እንኳን አምስተኛ ሲያስገባ ክርኑ ጎኔን ይለኛል" ትል ነበር። ነፍሷን ይማረውና፣ እሷ ካለፈች ወዲህ ከልጁና ከምራቱ ጋር ነው የሚኖረው፤ ግቢው ጥግ ባለችው አንዲት ክፍል።

ልጁ መድኃኒት ቤት ነው የሚሠራው። ረጋ ያለ፣ ንጹሕ፣ ካልሲውን እንኳን አጥፎ በመደዳ የሚደረድር ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ታዲያ ሰይጣን በምን ያሳስተዋል? በመኪና! ዝቅ ያለች፣ ባለሁለት በር፣ ሰማያዊ ስፖርት መኪና ገዛ። በወጣትነቷ ነፋስ የምትቀድም ነበረች ይላሉ። እሱ እጅ ስትገባ ግን ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሺህ ኪሎሜትር ሮጣ፣ አምስት ባል ቀይራ ነው። እሱ "ሙሽሪት" ይላታል። ሚስቱ ደግሞ "ጣውንቴ" ትላታለች። "ጣውንቴ እንዴት አደረች? ዘይቷን ጠጣች? ብርድ ልብስ ላልብሳት?" ትለዋለች ጠዋት ጠዋት። እሱም አይስቅም፤ እውነት ለብሳ እንደሆነ ወጥቶ ያያል።

ምራቲቱ መጋረጃ ትሰፋለች። እጇ መርፌ ላይ ይሁን እንጂ ልቧ መሪ ላይ ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው የሕፃናት ማቆያ ለሚኒባሱ ሹፌር ሲፈልግ "መንጃ ፈቃድሽን ይዘሽ ነይ፤ እስከ ሰኞ እንጠብቅሻለን፣ ከዚያ ግን ለሌላ ሰው እንሰጠዋለን" ብሏታል። አንዴ ተፈትና ወድቃለች፤ ወደ ኋላ ስታቆም የተተከለውን እንጨት ደርምሳው። ሁለተኛው ፈተና ደግሞ ያው ሰኞ ጠዋት ነው። የሚያስተምራት ጋሽ ማርሽ ነው፤ የሚለማመዱትም በሙሽሪት። ባሏን እሺ ለማሰኘት የፈጀባት ጊዜ፣ እሱ እሷን አገባሃለሁ ለማሰኘት ከፈጀበት ይበልጣል።

"ልጄ፣ ፍሪሲዮኑን እንደ እንቁላል ነው የምትለቂው" ይላታል ጋሽ ማርሽ። "መኪናና ባል አንድ ናቸው። በጩኸት አይሄዱም።"

"ልጅዎት በምን እንደሚሄድ እኔን ይጠይቁኝ አባባ" ትለዋለች፤ ይሳሳቃሉ። እንዲህ የሚዋደዱ አማትና ምራት ነበሩ።

ረቡዕ ዕለት ታዲያ ባሏን ደስ ላሰኘው ብላ መኪናዋን አጠበቻት። ከውጭ ብቻ ቢሆን ደግ። ኮፈኑን ከፍታ ሞተሩንም በሳሙና አሽታ፣ በውሃ ጎማ ለቅልቃ፣ እንደ ሠርግ ሳህን አብለጨለጨችው።

ሐሙስ ጠዋት ለልምምድ ሲወጡ መኪናዋ "እህህህ" ብላ በግድ ተነሣች። ምራቲቱ "ቆይ ይሄ ነጠላ ጫማ ፍሬን ላይ ይሸውደኛል" ብላ ልትቀይር ገባች። ጋሽ ማርሽ ብቻውን ቀረ። ሰው ብቻውን ሲቀር ደግሞ ያለ የሌለ እውቀቱ ይመጣበታል። "እስቲ ይሄ ዲናሞ ባትሪውን ይሞላል ወይስ ዝም ብሎ ይሽከረከራል?" አለ።

በሱ ዘመን የዲናሞ ምርመራ አንድ ነው። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ መንቀል። ሞተሩ ከጠፋ ዲናሞው ሞቷል፤ ካልጠፋ ደህና ነው። ስንቱን ከባድ መኪና በየበረሃው እንዲህ መርምሯል! ልጁንም ገና በሰባት ዓመቱ ሳጥን ላይ አቁሞ ያስተማረው ይሄንኑ ነው። አሥር ቁጥር ቁልፍ አመጣ፣ ብሎኗን አላላ፣ ገመዱን ነቀለ።

ሞተሩ አልጠፋም። "አላልኩም!" አለ ለራሱ።

ወዲያው ሞተሩ እንደ ደነበረ ፈረስ ጮኸ፣ መብራቱ ከልክ በላይ ቦግ አለ፣ ከታች አንድ ነገር "ጧ" አለና የተቃጠለ ነገር ሽታ አፍንጫውን መታው። ገመዱን ደንግጦ መለሰው። በመስኮት አንገቱን አስገብቶ ቢያይ፣ የባትሪ ሥዕል ያለባት ቀይ መብራት ፍጥጥ ብላ ታየዋለች። ሞተሩን አጠፋ፣ አስነሣ። መብራቷ እዚያው ናት። አጠፋ፣ አስነሣ። እዚያው።

ምራቲቱ ጫማዋን ቀይራ ስትመለስ ኮፈኑ ተዘግቷል፣ ሞተሩ ጠፍቷል፣ ጋሽ ማርሽ ወገቡን ይዞ ቆሟል።

"ዛሬስ ወገቤን ያዘኝ ልጄ።"

"ውይ አባባ! ቅባት አምጥቼ ልሽዎት?"

"ተይው፣ ይለቀኛል።"

ቢታሽ የሚለቅ ሕመም መች ሆነና!

ማታ ልጄ ሲመጣ እነግረዋለሁ አለ። ልጁ መጣ። ደክሞት የገባን ሰው በበር አይቀበሉትም፣ እራቱን ይብላ አለ። በላ። አሁን ደግሞ ሰው ጠግቦ ደስ ብሎት ሲቀመጥ ምን ክፉ ያናግረኛል አለ። ደግሞስ ማን ያውቃል፣ መብራቷ አድራ በራሷ ትጠፋ ይሆናል። አርባ ዓመት መኪና የነዳ ሰው ይሄን አሰበ! ጥፋት ያለበት ሰው ተአምር ሲጠብቅ ማየት ነው።

አርብ ጠዋት ልጁ ሙሽሪትን ይዞ ወጣ። ቀይዋን መብራት አይቷል፤ "ስመለስ አያታለሁ" ብሎ። አደባባዩ መሃል ሲደርስ መጀመሪያ ሬዲዮው ዝም አለ፣ ቀጥሎ መሪው ጠነከረ፣ ከዚያ ቀጥ። ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ ጡሩምባውን ለቀቀው። አንዱ ባለሚኒባስ አንገቱን አውጥቶ "ወንድሜ፣ እዚህ ሐውልት እንድትሆን ማን ፈቀደልህ?" አለው። መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ሰው በማዘዣ ወረቀቱ ፊቱን እያራገበ ሲጠብቀው፣ እሱ መኪናውን እየገፋ ነበር። በገመድ ተጎትታ ግቢ ገባች። ሙሽራ በገመድ ስትገባ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ኮፈኑን ከፍቶ ቢያይ ሞተሩ ያብለጨልጫል። ዲናሞው ሥር የሳሙና አረፋ ደርቆ ነጭ ሆኗል።

"ማነው ሞተሩን ያጠበው?"

"እኔ ነኝ!" አለች ሚስቱ ፈገግ ብላ። ሊያመሰግናት መስሏት እኮ ነው፣ የዋህ!

"ዲናሞው ላይ ውሃ ደፋሽበት? ገደልሻት! ደግሞ ትስቂያለሽ?"

ፈገግታዋ ፊቷ ላይ መሄጃ አጣ። "ንጹሕ እንድትሆንልህ ብዬ..."

"ቁልፉን ስጪኝ። ሁለተኛ እንዳትነኪያት።"

"ሰኞ እኮ ፈተናዬ ነው።"

"ሰኞ በእግርሽ ሂጂ።"

ጋሽ ማርሽ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የታሰረ የጫማ ክሩን እየፈታ ያስራል። አፉ ሁለት ጊዜ ተከፈተ፣ ሁለት ጊዜ ተዘጋ። በሦስተኛው ጊዜ ቃል ወጣ። ግን ምን ወጣ መሰላችሁ?

"አንተ ልጅ፣ በቃ ይቅር በላት። አውቃ አይደለም። ሰው ይሳሳታል።"

ሰማችሁ? በራሱ ጥፋት ለእሷ ይቅርታ ለመነላት! ልጁም "እሺ አባዬ፣ ስለ አንተ ብዬ ነው" አለ። ቁልፉን ግን አልመለሰም።

ትንሽ ቆይቶ ምራቲቱ ዓይኗ ቀልቶ ሻይ ይዛለት መጣች። ስኳሩን እሱ እንደሚወደው ሦስት አድርጋ።

"አባባ፣ እርስዎ ባይኖሩ እዚህ ቤት ለእኔ ማን ይናገርልኛል? እግዜር ይስጥልኝ።"

ሻዩ እንደ እሬት መረረው። ጭልጥ አድርጎ ጠጣው፤ ይተወዋል እንዴ፣ ቢተወው "ምነው?" ልትለው አይደል?

ቅዳሜ ልጁ እስከ ቀትር ሥራ ነበረበት፤ ዲናሞ ፈልጎ የማምጣቱ ነገር ለጋሽ ማርሽ ወደቀ። ባለመለዋወጫው ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ፣ ወሬ የሚወድ ወፍራም ሰውዬ ነው። ዲናሞውን ከመደርደሪያ አውርዶ ባንኮኒው ላይ አሽከረከረው።

"የቀድሞው ምን ሆነና ነው?"

"ውሃ... ውሃ ገብቶበት ነው ይላሉ።"

"ማነው የሚለው?"

"እንዲያው ሰዎች።"

"አባቴ፣ መኪና ዝናብ ላይ አይሄድም እንዴ? አንድ እጥበት ዲናሞ አይገድልም። እነዚህን የሚገድላቸውን ልንገርዎት?"

"አትንገረኝ።"

"እህ?"

"ማለቴ፣ ንገረኝ።"

"ሞተር እየሠራ ባትሪ መንቀል! ውስጡ ስስ ስስ ዕቃ አለ። ባትሪው ሲነቀል ኃይሉ መግቢያ ያጣና ያንን ያነደዋል። የጥንት ሹፌሮች ናቸው እንዲህ የሚያደርጉ። የጥንቱ ዲናሞ ይችለው ነበር፣ ይሄ አይችልም። ለሚገጥመው ሰው ይንገሩልኝ፤ ሲሞክር እንዳይነቅል፣ በመለኪያ ይለካው። አደራ!"

"እነግረዋለሁ" አለ ጋሽ ማርሽ።

አደራ ተቀበለ እንግዲህ። ዲናሞውን በጋዜጣ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎ አውቶቡስ ላይ ወጣ። መንገዱን ሁሉ ሲያስበው፣ አደራውን ቢናገር "ማን ነቀለው?" ይመጣል። "ማን ነቀለው?" ከመጣ ሐሙስ ይመጣል። ሐሙስ ከመጣ ደግሞ ያች ሻይ ትመጣለች። ዲናሞው ጭኑ ላይ ከበደው። ማርሽ እንኳን ሳይቀይር ቤቱ ደረሰ።

ከሰዓት ሥራ ተጀመረ። ልጁ ሙሽሪትን መካኒክ እንዲነካት አይፈልግም፤ ራሱ ነው። ቱታ ለበሰ፣ ቱታውን ተኩሶት! መጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ እያለ የባትሪውን ገመድ ፈታ። ዲናሞውን የሚያዞረውን የቺንጋ ቀበቶ መወጠሪያ በረጅም ቁልፍ ጎትቶ አላላና ቺንጋውን አወለቀ። ሶኬቱን ነቀለ፣ ወፍራሙን ገመድ ፈታ። የሚፈታውን እያንዳንዱን ብሎን የመድኃኒት ፖስታ ውስጥ ይከትና ላዩ ላይ ይጽፍበታል።

"'በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ' ብለህ ጻፍበት እንጂ" አለው አባቱ። የቀልድ አመሉ አልለቀቀውም፤ ድምፁ ግን እንደ ወትሮው አልሆነም።

የላይኛው ብሎን ወጣ። የታችኛው እምቢ አለ። መኪናዋን በክሪክ አነሡ፣ ጉማጅ እንጨት ሥሯ አስገቡ፣ ልጁ በጀርባው ተንፏቆ ገባ።

"አባዬ፣ አብራልኝ።"

ጋሽ ማርሽ የእጅ ባትሪ ይዞ አበራለት። መብራቱ ግን እንደ ዝንብ ወዲያ ወዲህ ይላል።

"እጅህ ምን ሆነ?"

"እርጅና።"

"ትናንትና አልነበረም እኮ!"

"እርጅና ቀጠሮ የለውም።"

ብሎኑ ጧ ብሎ ለቀቀ፤ የልጁም የጣቱ ቆዳ አብሮ። ዲናሞው በቱቦውና በሞተሩ መካከል አልወጣ ብሎ ገልብጠው፣ አዙረው፣ ከብዙ ስድብ በኋላ ወለዱት። ልጁ አገላብጦ አየውና አሸተተው።

"የተቃጠለ ይሸታል። ውሃ እንዲህ ያሸታል?"

"ውሃም... እንደ ውሃው ነው።"

"ባለሱቁ ምን አለህ?"

አፉ ተከፈተ። በመስኮቱ ምራቲቱ ትታያለች፤ አጎንብሳ መጋረጃ ትሰፋለች። የስፌት መኪናዋ ድምፅ ይነሣል፣ ያቆማል፣ ይነሣል።

"ደህና ዕቃ ነው አለ" አለ ጋሽ ማርሽ።

አዲሱን አስገቡ። ብሎኖቹ ከየፖስታቸው ወጥተው መጀመሪያ በእጅ፣ ከዚያ በቁልፍ ጠበቁ። ቺንጋው ተመለሰ፣ ሶኬቱ ገባ፣ ባትሪው ታሰረ። ልጁ ቁልፉን ሲያዞር ሙሽሪት ባንድ ጊዜ ተነሣች። ቀይዋ መብራት ብልጭ ብላ ጠፋች።

"ነይ እይ!" ብሎ ሚስቱን ተጣራ። ወጣች፤ ግን በሩ ላይ ክንዷን አጣጥፋ ቆመች። ሁለተኛ አትንኪ ተብላ የለ?

"ቆይ፣ ይሞላል ወይ እንመርምር" አለ ልጁ። አሥር ቁጥሯን ቁልፍ አነሣ። "አባዬ በሰባት ዓመቴ ያስተማረኝ ሙያ አለ፤ አስታወስከው? ሳጥን ላይ አቁመኸኝ!"

ሞተሩ እየሠራ ነው። ቁልፏ የባትሪው ብሎን ላይ አረፈች። ብሎኗ ላላች።

እዚያች ቅጽበት ጋሽ ማርሽ ልብ ውስጥ ያለፈውን ክፉ ሐሳብ ልንገራችሁ፤ ኋላ ራሱ ነው የተናገረው። ይንቀለው አለ። ይቃጠል። ባለመለዋወጫው ብልሹ ሸጠልን ይባላል፣ እኔም ዝም እንዳልኩ እቀራለሁ። ከዚያ ቀና ሲል ምራቲቱን አየ። ዓይኗ ቁልፏ ላይ ሳይሆን መሪው ላይ ነበር፤ የተራበ ሰው ምግብ እንደሚያይ።

"አትንቀል!"

ይሄ ድምፅ ፍሬን በጠሰ መኪና ላይ የሚጮህ ድምፅ ነው። ልጁ ደንግጦ ቁልፏን ጣላት፤ ቅጭል ቅጭል እያለች ሞተሩ ውስጥ ገባች።

"ምነው?"

"አይነቀልም። ይሄኛው ሲነቀል ይቃጠላል።"

"አንተ አይደለህ እንዴ ያስተማርከኝ?"

"የድሮው ነው የሚችለው። ይሄኛው አይችልም።"

"ማን አለህ?"

"ባለመለዋወጫው። ጠዋት።"

"ታዲያ እስካሁን ለምን አልነገርከኝም?"

ሞተሩ ብቻውን ያወራል። ልጁ መሬት ላይ ያለውን የተቃጠለ ዲናሞ አየ፣ አባቱን አየ፣ ገና ማሰብ ሊጀምር ነው። ሚስቱ ግን ቀድማው ደረሰች።

"ሐሙስ" አለች በቀስታ። "ጫማ ልቀይር ስገባ ሞተሩ ይሠራ ነበር። ስወጣ ጠፍቷል። ወገብዎትን ይዘዋል።"

"እኔ ነኝ" አለ ጋሽ ማርሽ። "ነቅዬ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ውሃው ምንም አላደረገም።"

ጩኸት የጠበቀ ተሸወደ። ከበሩ ወርዳ ፊቱ መጥታ ቆመች።

"አርብ ሻይ አምጥቼልዎት ነበር።"

"አዎ።"

"ጠጡት?"

"ጠጣሁት።"

"እግዜር ይስጥልኝም ብዬዎት ነበር።"

"ብለሽኛል።"

"እሱን ይመልሱልኝ።"

ጋሽ ማርሽ ምን ይመልስ? ገንዘብ ቢሆን ይበደር ነበር፣ ዕቃ ቢሆን ይገዛ ነበር። የተቀበሉትን ምስጋና ከየት አውጥተው ይሰጣሉ? መሬት መሬት እያየ፣ ቀኝ እጁ ማርሽ ፍለጋ አየሩን እየዳሰሰች ቆመ። ወደ ኋላ የምትሄደዋን ሳይፈልግ አይቀርም።

"የኔ ቆንጆ፣ እኔም እኮ ሳላጣራ..." ብሎ ባል ሲጀምር፣

"አንተ ዝም በል። ያንተ ተራ ገና ነው። ቁልፉን።"

እጇን ዘረጋች። ሞተሩን አጥፍቶ ሰጣት፤ ወዶ ነው?

እሑድ ቀኑን ሙሉ ተለማመደች። ባሏን አጠገቧ ከፊት አስቀመጠችው፣ ጋሽ ማርሽን ደግሞ "አባባ ይግቡ" አለችው፣ "ከኋላ።" የዚያች መኪና የኋላ ወንበር እኮ ወንበር አይደለም፤ የቦርሳ ማስቀመጫ ነው። ጉልበቱ አገጩን ነክቶ፣ እንደ ሰንጢ ታጥፎ ገባ። ወደ ኋላ ስታቆም መሪውን ዘግይታ ስትመልስ ያያል። ምላሱን ይበላዋል። አፉን ሲከፍት በመስታወት ታየዋለች፤ ይዘጋዋል። ሰባት ጊዜ እንጨቱን ገጨች፣ በስምንተኛው አለፈች፣ ከዚያ ወዲያ አልገጨችም። አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሐሙስ፣ አርብና ቅዳሜ ዝም ያለው አፉ፣ እሑድ ዝምታ እንደዚያ ይከብደኛል ብሎ አላሰበም።

ሰኞ አለፈች። አሁን ያንን ቢጫ ሚኒባስ ጠዋትና ማታ የምታሽከረክረው እሷ ናት። ሰፈርተኛው "ጋሽ ማርሽ፣ እጅህ ይባረክ፣ ጥሩ አድርገህ ነው ያስተማርካት!" ሲለው ደንግጦ "እኔማ ዲናሞ ነው ያቃጠልኩት" ይላል፤ ከዚያ ሻዩንም ሳይቀር ከሥር መሠረቱ ይተርካል። ምስጋና እጁ ላይ እንዳይገባ እንደ ትኩስ ፍም ይጥለዋል። እንጂ ይሄን ሁሉ ማን ያወራው ነበር?

የተቃጠለውን ዲናሞ ልጁ ሊጥለው ነበር። ምራቲቱ "አይጣልም" አለች። አጥባ፣ በጨርቅ ወልውላ፣ የጋሽ ማርሽ ክፍል በር ሥር አስቀመጠችው፤ በሩ ነፋስ ሲመጣ እንዳይዘጋ መያዣ ይሁን ብላ። በየቀኑ ሲወጣ የቀኝ እግሩን አውራ ጣት ይለዋል፣ ሲገባ የግራውን። ሻይ ታመጣለታለች፣ ስኳሩም ያው ሦስት ነው። "እግዜር ይስጥልኝ" የምትለው ነገር ግን አልተሰማም።

ባለፈው ጣቱን እያሸ ጠየቃት።

"ልጄ፣ ይሄ ነገር መቼ ነው የሚነሣው?"

"ሲዝግ አነሣዋለሁ አባባ።"

ጋሽ ማርሽ ጎንበስ ብሎ ዲናሞውን አየው። የላዩ ቆብ አልሙኒየም ነው። አርባ ዓመት ከብረት ጋር የኖረ ሰው አልሙኒየም እንደማይዝግ ያውቃል።

"እሺ ልጄ" አለና ሻዩን ጠጣ።